የተራበውን ሳይጎዱ አጭበርባሪውን መያዝ

ስለ ዕርዳታ እህልና ስለ ሴፍቲኔት ክፍያ አጠባበቅ ለዕደላ ጣቢያ ሠራተኞችና ለቀበሌ ኮሚቴ አባላት የተደረገ ንግግር



በአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዕርዳታ አሠራር ለአንድ ተረጂ ለአንድ ወር ሲመደብ የቆየው ድርሻ 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። እህሉ ለዕለት ሲከፈል ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ከዚህም ላይ የወፍጮ ዋጋ፣ የአህያ ኪራይ፣ የጨውና የበርበሬ መግዣ ይነሣል። ስለ ማጭበርበር የሚነገር ነገር ሁሉ ከዚህ ግማሽ ኪሎ ቢጀምር መልካም ነው። ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ሲጎድል በሂሳብ መዝገብ ላይ ጉድለት ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚህ ግማሽ ኪሎ ላይ ሲጎድል ግን የሚጻፍበት መዝገብ የለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ እራት ይቀራል፣ ወይም እናት ለልጆቿ ሰጥታ ራሷ ጾሟን ታድራለች።

ይሁን እንጂ ሌብነትን ለመከላከል ተብሎ የሚወሰድ እርምጃም ከዚሁ ግማሽ ኪሎ ላይ ሊያጎድል የሚችል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለ መጀመሪያው ዓይነት ጉዳት በየስብሰባው ይነገራል፤ ሪፖርትም ይጻፋል። ሁለተኛው ግን ደንብ አክብሮ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በንጹሕ ኅሊና የሚፈጸም በመሆኑ የሚናገርለት የለም። ስለዚህ የዛሬው ንግግር በዚህ በሁለተኛው ላይ ሰፋ አድርጎ ይቆያል።

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ከሁሉ አስቀድሞ የቀረበለት ጥያቄ እህል ከየት ይምጣ፣ በምንስ ይጓጓዝ የሚል ነበር። የወሎው እልቂት ተደብቆ ከቆየ በኋላ ይፋ የወጣበት ወቅት ነበርና። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ በበረታ ጊዜም በቆረምና በመቀሌ መጠለያዎች የተሰበሰበው ሕዝብ ችግሩ የእህሉ ማነስና መዘግየት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ተረጂ ማለት ከጣቢያው ደርሶ የተቀመጠ ሰው ማለት ነበር፤ ረሀቡ ከፊቱ ይነበባል፤ ማስረጃ አይጠየቅም።

ነገሩ መልኩን የለወጠው ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ ላይ ሲውል ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር እህል ከመለመን ይልቅ፣ ዝናብ በያዘለትም ዓመት ቢሆን ምግብ እንደሚያጥረው የታወቀ ቤተ ሰብ በየዓመቱ ለስድስት ወር ያህል አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ እንዲያገኝ ተወሰነ። ጉልበት ያለው በወር ለአንድ ሰው አምስት ቀን እየታሰበ እርከን በመሥራት፣ ኩሬ በመቆፈርና መንገድ በመጥረግ ክፍያውን በሥራ እንዲያገኝ፣ ጉልበት የሌለው ሽማግሌና ሕመምተኛ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው ክፍል ያለ ሥራ እንዲረዳ ተደረገ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የያዘው ፕሮግራም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በኋላም የከተማ ሴፍቲኔት ተጨምሮበት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ ጀመረ። በዚህም ምክንያት የስም ዝርዝር ለአንድ የመከራ ወር ብቻ የሚያገለግል ወረቀት መሆኑ ቀረና ለዓመታት የሚዘልቅ መብት ሆነ። ስም ዋጋ አገኘ። ዋጋ ካገኘም ወዲህ ስም የሚሸጥ፣ የሚለወጥና የሚሰረቅ ነገር ሆነ።

ማጭበርበር የሚፈጸመው የት ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ቀላል ስሌት ይበቃል። ተሳቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና 400 ኩንታል ጭኖ ከማዕከላዊ መጋዘን ተነሣ እንበል፤ ይኸውም 40,000 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ይህ ለ15 ሲካፈል ከ2,600 የሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። መኪናው በአንድ ሌሊት መንገድ ቢስት የሚጠፋውን ያህል እህል በሐሰት ስም አውጥቶ ለመውሰድ፣ 2,600 የሐሰት ስሞች መጻፍ፣ ለ2,600ዎቹም የጣት አሻራ ማግኘት፣ ከዚያም ዝም የሚሉ ብዙ ሰዎች መፈለግ ያስፈልጋል። ሌባ ሰነፍ አይደለም፤ ግን ድካም የሚያበዛበትን መንገድም አይመርጥም።

ምርመራ ግን ከታች መጀመር ይወዳል። አንዲት ባልቴት ሁለት ፍየል ደብቃ እንደ ሆነ ለመመርመር አንድ ጸሐፊና አንድ ወረቀት ይበቃል። መኪናውን ለመመርመር ግን ከመጋዘን ኀላፊ፣ ከትራንስፖርት ባለቤት፣ አልፎ አልፎም ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋራ ፊት ለፊት መጋፈጥ ይጠይቃል። ስለዚህ በብዙ ሪፖርቶች ላይ ከዝርዝር የተሠረዙ ችግረኞች ቁጥር በትክክል ሰፍሮ ይገኛል፤ የጎደሉ ኩንታሎች ዓምድ ግን ባዶውን ይቀራል፣ ወይም በመጓጓዝ ላይ የባከነ በሚል ቃል ይታለፋል። የተሠረዘ ስም ሁሉ እንደ ድል ሲቆጠር፣ መሠረዝ ራሱ ሥራ መስሎ ይታያል።

ለመኪናው የሚሆነው መድኃኒት አዲስ አይደለም፤ በእያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ነው። ላኪው መጋዘን እህሉን በሞዴል 22 ያወጣል፤ ተቀባዩ ጣቢያ በሞዴል 19 ያስገባል። ጥያቄው ሁለቱ ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሚተያዩት መቼ ነው የሚለው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲመጣ ከሆነ እህሉ ተበልቷል፤ ሹፌሩ መሥመር ለውጧል፤ መጋዘን ጠባቂው ተዛውሯል። ላኪው መኪናው በተነሣበት ዕለት የሰሌዳ ቁጥሩንና የጆንያውን ብዛት ለተቀባዩ ቢያሳውቅ፣ የተቀባዩም ኮሚቴ ከጣቢያው ሠራተኛ ሌላ ሁለት የተረጂ ተወካዮች ባሉበት ጆንያውን ቆጥሮ ቢረከብ፣ ጉድለቱ በሦስት ቀን ውስጥ ይታወቃል። ይህ አንድ የስልክ ጥሪ የሚፈጀው ሥራ ነው። የሚቀረውም በችግሩ ክብደት ሳይሆን ጉድለቱን የማወቅ ፍላጎት በማነሱ ነው።

ከመኪናው ቀጥሎ ሚዛኑ ይመጣል። እህል በጣሳ ተሰፍሮ በሚታደልበት ጣቢያ፣ ሰፋሪው ጣሳውን ጠቅጥቆ ይሞላዋል ወይስ አንሥቶ ያራግፈዋል የሚለው ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተረጂ አንድ ኪሎ ብትጎድል፣ 5,000 ተረጂ ባለበት ጣቢያ በአንድ ወር 50 ኩንታል ትሆናለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ በግልጽ የሚቆረጠው ነው። ለጫኝና አውራጅ፣ ለጥበቃ፣ ላለፈው ዓመት የማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልዩ ልዩ መዋጮ እየተባለ ይነሣና፣ 15 ኪሎ መቀበሉን በአውራ ጣቱ ያተመ ሰው 12 ኪሎ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ መዋጮውም ለመልካም ሥራ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን ለረሀብ የተሰጠ እህል የዕዳ መክፈያ እንዲሆን አልታዘዘም፤ ያልተቀበለውን ተቀበልሁ ብሎ እንዲያትም የተደረገ ሰው ደግሞ በገዛ ጣቱ የሐሰት ሰነድ እንዲሠራ ተገድዷል።

ለሚዛኑ ችግር በቀላሉ የሚገኝ መፍትሔ አለ። ጆንያው ባለ 50 ኪሎ በሆነ ጊዜ፣ ለ10 ሰዎች የሚደርሰው 150 ኪሎ ልክ 3 ጆንያ ነው። ተረጂዎች አሥር አሥር ሰው እየሆኑ አፉ ያልተፈታ ጆንያ ቢረከቡና ክፍፍሉን በመካከላቸው ራሳቸው ቢፈጽሙ፣ የሰፋሪው ጣሳ ሥራ ያጣል። በዚህ አሠራር የሚነሣው ቅሬታ አቅመ ደካሞች በቡድኑ ውስጥ ይጎዳሉ የሚል ነው፤ እውነትም አለበት። ስለዚህ ዓይነ ስውሩና አልጋ ላይ ያለው ሕመምተኛ ተወካያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ማድረግ ይገባል እንጂ ኮሚቴው መርጦ ሊሰጣቸው አይገባም።

ወደ ስም ዝርዝሩ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ወንጀልና ችግር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። የሊቀ መንበሩ የወንድም ልጅ ስም፣ ቀበሌውን ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት ነጋዴ ስም፣ በሁለት ቀበሌ የተጻፈ ስም፣ የሞተ ሰው ስም፣ ሁሉም በአንድ ዓምድ ይወርዳሉ። የሊቀ መንበሩ የወንድም ልጅ ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሞተው ሰው ግን ያሻዋል። አባት ሲሞት ቤተ ሰቡ ሞቱን ለጸሐፊው የማይናገረው ብዙውን ጊዜ ለመስረቅ አስቦ አይደለም፤ አንድ ስም ሲነካ ካርዱ በሙሉ ተመልሶ ይመረመራል፣ የቀሩትም ይሠረዛሉ ብሎ ስለሚፈራ ነው። ፍርሀቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለውን ስም ለማጥራት ለተናገረ ሰው ቅጣት እንደማይኖር አስቀድሞ ማወጅና የቀሪዎቹ ድርሻ እንደማይነካ በተግባር ማሳየት ከማናቸውም ዛቻ ይልቅ ይሠራል።

ከዚህም ሌላ ኮታ የሚባል ነገር አለ። ወረዳው ለአንድ ቀበሌ የ800 ሰው ኮታ ላከ፤ ቀበሌው ግን 1,300 ችግረኛ አለው እንበል። ኮሚቴው ምን ያድርግ? አምስት መቶውን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ማስቀረት ስለሚከብደው፣ ስድስት ነፍስ ካለበት ቤት የሦስቱን ስም ብቻ ይጽፋል። በወረቀት ላይ ሦስት ሰው 45 ኪሎ ተቀበለ፤ በቤት ውስጥ ግን ስድስት ሰው በነፍስ ወከፍ 7.5 ኪሎ ደረሰው። አለዚያም ዕደላው ካለቀ በኋላ ጎረቤት ለጎረቤት ይካፈላል፤ ያልተጻፈው ከተጻፈው ላይ ይወስዳል። ከውጭ የመጣ ተመልካች ይህን ሲያይ የዕርዳታው ዓላማ ተዛብቷል ብሎ ይጽፋል፤ በደንቡ መሠረት ትክክል ነው። የመንደሩ ሰው ግን ዛሬ ያላካፈለ ሰው ነገ ሲታመም የሚሸከመው፣ ሲሞት የሚቀብረው እንደማያገኝ ያውቃል። ኮታው የፈጠረውን ችግር በተረጂው ስም ማጭበርበር ብሎ መመዝገብ ፍትሕ አይደለም። የቀበሌው ኮሚቴ ሊያደርግ የሚገባው የተቸገረውን ትክክለኛ ቁጥርና የተላከለትን ኮታ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ወደ ላይ መላክ ነው፤ ቁጥሩን ከኮታው ጋራ ለማስማማት ሲባል የተራበውን ጠግቧል ብሎ መጻፍም ሐሰተኛ ሰነድ ነውና።

በሠፈራ ጣቢያዎች የሚታየው የድርብ ምዝገባ ጉዳይም በዚሁ ዓይን መታየት ይኖርበታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወሰዱ፣ ብዙዎቹ ሳይወዱ መሄዳቸው በኋላ በሰፊው የተመሰከረ ነው፤ ከባልና ከሚስት፣ ከእናትና ከልጅ የተለያየውም ብዙ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ውስጥ የተካሄደው ሠፈራ ግን በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረት፣ ሠፋሪውም በቀድሞ ቀየው ያለው የመሬት ይዞታ መብት ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ታቅዶ ነበር። የ3 ዓመቱ ዋስትና ተገቢ ነበር፤ ማንም ገበሬ ያላየውን መሬት አምኖ የሚያውቀውን አይለቅም። ከዚህ የተነሣ ባል ቀድሞ ሄዶ አፈሩንና ውኃውን ሲያይ፣ ወባውንም ሲሞክር፣ ሚስትና ልጆች በቀድሞው ቀበሌ ይቆያሉ። ባል በሠፈራ ጣቢያው ቀለብ ይሰፈርለታል፤ ሚስት በቀበሌዋ የሴፍቲኔት ካርድ ይዛ ትገኛለች። መዝገቡ አንድ ቤተ ሰብ በሁለት ቦታ ይበላል ይላል። በእውነቱ ግን አንድ ቤተ ሰብ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ በያለበት ይበላል። ወንጀል የሚሆነው ሠፋሪው ከነቤተ ሰቡ ተመልሶ ከሄደ በኋላ በጣቢያው በስሙ እህል የሚወጣ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜም እህሉን የሚወስደው እርሱ ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ሰው ነው። በድርብ ምዝገባ ጥርጣሬ ስም ከመሠረዙ በፊት በሁለቱም ቦታ በአካል የሚገኘው ማን እንደ ሆነ ማረጋገጥ ይቅደም።

በገበያ ስለሚታየው ጆንያም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የለጋሽ ሀገር ስም የታተመበት ጆንያና የዘይት ቆርቆሮ በየገበያው ይሸጣል። ጋዜጠኛ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ እንግዳም አይቶ ይደነግጣል። ባዶ ጆንያ በገጠር ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ከሞላው ስንዴ ተለይቶ ዓመታት ይኖራል። ስንዴ የሞላበትም ቢሆን፣ ከአሥራ አምስት ኪሎዋ ሁለቱን ሸጣ የወፍጮ የምትከፍል፣ ጨው የምትገዛ፣ ልጇን ሐኪም ቤት የምትወስድ ሴት አልሰረቀችም። የሚያጠያይቀው አንድ ነጋዴ ያልተፈቱ ጆንያዎችን በመቶ እየቆጠረ በመጋዘኑ ደርድሮ ሲገኝ ነው። መቶ ጆንያ ከመቶ ባልቴት በችርቻሮ አይሰበሰብም፤ ሳይፈታ ከመኪና የወረደ ነው። መርማሪው ሊጠይቅ የሚገባው ብዛቱንና የጆንያውን አፍ ነው።

እንግዲህ መጠነ ሰፊ ዝርፊያ ሲገኝ ምን መደረግ አለበት? ይህ ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ በግልጽ ቀርቧል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት፣ ለተራቡ የተላከ እህል ተወስዶ በገበያ መሸጡን ደርሰንበታል ብለው በትግራይ የሚደረገውን የምግብ ዕደላ አቋረጡ። በሰኔ ወር ደግሞ ማቋረጡ ወደ መላ ሀገሪቱ ተስፋፋ። በዚያ ጊዜ በሀገሪቱ የምግብ ዕርዳታ የሚያሻው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል ይገመት ነበር። ዕደላው በመላ ሀገሪቱ እንደገና የተፈቀደው በ2016 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ገደማ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች በስድስት ወራት ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሀብ መሞታቸውን አስታወቀ። ድርቁ ነበረ፤ የጦርነቱም ጠባሳ ነበረ፤ ሞቱ ሁሉ ከዕደላው መቆም ብቻ የመጣ ነው አይባልም። ሆኖም ረሀቡ በበረታበት በዚያው ጊዜ ዕደላው ለወራት ቆሞ ነበር።

የለጋሾቹ ክርክር ተራ ክርክር አልነበረም። የሚሰረቅ መሆኑን እያወቁ እህል ማጓጓዝ ሌባውን መቀለብ ነው፤ ገንዘቡን ለሰጠው ሕዝብም መልስ መስጠት አለባቸው። እንደገና ሲጀመርም የተረጂዎች ምዝገባ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲያዝ፣ እህሉ ከመጋዘን እስከ ጣቢያ ክትትል እንዲደረግበት፣ የተረጂ መረጣውም በአካባቢ ሹማምንት እጅ ብቻ እንዳይሆን መደረጉ በጎ ለውጥ ነው። ነገር ግን እህሉ በቆመባቸው ወራት የተቀጣው ማን ነበር? ሰርቆ የሸጠው ሰው አስቀድሞ ገንዘቡን ይዟል። የማዕዱን በር የዘጉት ሌባውን ከውጭ ለማስቀረት ነበር፤ ከውጭ የቀረው ግን ባለ ማዕዱ ነው። መጋዘኑን መዝጋት፣ ኀላፊውን ማገድ፣ ትራንስፖርተኛውን መለወጥ፣ ዕደላውን ለጊዜው በሌላ እጅ ማስፈጸም፣ እነዚህ ሁሉ የሚያደክሙ ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉን ማቆም ግን በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። የአሜሪካው ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ቆሟል። የሚመጣው እህል ባነሰ መጠን የሚሰረቀው እያንዳንዱ ኩንታል ይበልጥ ያስቆጫል፤ በጥርጣሬ ተሠርዞ የሚቀረውም ሰው ሌላ የሚሄድበት በር የለውም።

ባለጸጎቹ ሀገሮች በዚህ ረገድ የተሻለ አደረጉ ብሎ የሚያስብ ካለ የአውስትራሊያን ነገር ይመልከት። የዚያ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ድረስ የማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች ከሚገባቸው በላይ ወስደዋል በማለት ዕዳ የሚያሰላ አውቶማቲክ አሠራር ዘረጋ። አሠራሩ የሰውየውን የዓመት ገቢ ለ26 ሁለት ሳምንታት እኩል ያካፍላል። አራት ወር ሠርቶ ስምንት ወር ሥራ ያጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገቢ ነበረው ተብሎ ተቆጠረ፤ ሥራ ባጣበት ወር የተቀበለው ድጎማም ዕዳ ሆነበት። ዕዳው ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክምም በእርሱው ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ከ430,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ከሕግ ውጭ ከ1.7 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ዕዳ መጠየቁ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርትም አሠራሩን ጨካኝ ሲል ኰነነው። አማካይ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ የወሎ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ደኅና ነበር ተብሎ በሚጻፍበት ዓመት፣ ሰብሉ ሲያብብ ሁለት ሳምንት ዝናብ ቀርቶ ገለባ ብቻ አጭዷል።

የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያም እንዲሁ ነው። በህንድ ሀገር የቀለብ ዕደላው ከአሻራ ጋራ ከተያያዘ ወዲህ፣ በጉልበት ሥራ ጣታቸው የተላጠ ሰዎችና አረጋውያን መሣሪያው አላውቃችሁም ብሏቸው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ አንድን ሰው በሁለት ቦታ መመዝገብን ለመከላከል የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ሆኖም ድንጋይ ስትፈልጥ፣ ወፍጮ ስትፈጭ የኖረች እናት ጣት በመስታወቱ ላይ ቢያቅት፣ ወይም ባትሪው ቢያልቅ፣ ወይም ኔትዎርክ ቢጠፋ፣ ጣቢያው በዚያ ዕለት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተጽፎ ካልተገኘ መሣሪያው ከሌባው ይልቅ እርሷን ያስቀራል። ሁለት የታወቁ ጎረቤቶች በቃላቸው ሲመሰክሩላት እህሏን ተቀብላ እንድትሄድ፣ ማጣራቱም ከዚያ በኋላ እንዲከተል ማድረግ ይቻላል።

ከመሣሪያውም ሆነ ከኦዲተሩ የሚበልጥ አንድ ተቆጣጣሪ በየመንደሩ አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። ማን ስንት በሬ እንዳለው፣ የማን ልጅ ከዐረብ ሀገር ገንዘብ እንደሚልክ፣ የማን ባል እንደሞተ መንደሩ ያውቃል። የሴፍቲኔቱ መመሪያ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት እንዲነበብና እንዲለጠፍ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። በሥራ ቀን፣ ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት፣ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጸሐፊው በለሆሳስ ካነበበው፣ ዝርዝሩ ተነብቧል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል እንጂ የሰማው የለም። ማንበብ በማይችል ሕዝብ መካከል ከቢሮ በር ላይ መለጠፍም ዋጋው ትንሽ ነው። በገበያ ቀን ወይም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ ሕዝቡ ባለበት፣ ድምፁ ከፍ ባለ ሰው ስም በስም ከነድርሻው ቢነበብ፣ የነጋዴው ስም ሲጠራ የሚነሣው ጉምጉምታ ብዙ ምርመራ ያስቀራል።

ደግሞም ጉምጉምታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚናገር ሰው ከለላ ይፈልጋል። የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል፤ የሙስና ወንጀሎችም በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ተደንግገዋል። ሆኖም በሊቀ መንበሩ ላይ የተናገረች ሴት በሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝሩ እንዳትወጣ የሚያደርጋት አዋጁ ከተቀመጠበት ከአዲስ አበባ ይልቅ የቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ሴፍቲኔቱ ሲጀመር በብዙ ቦታ መራጩና አቤቱታ ሰሚው አንድ ሰው ነበር፤ ያስቀረው ሰው ፊት ለምን አስቀረኸኝ ብሎ መክሰስ ማለት ነው። በኋላ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደርጓል። በወረቀት ላይ ተለያይተው በወንበር ላይ አንድ ሆነው የሚገኙባቸው ቀበሌዎች ካሉ፣ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ መስተካከል ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው አቤቱታው እስኪታይ ድረስ ስለሚሆነው ነገር ነው። በጥርጣሬ የተነካ ስም ጉዳዩ ተሰምቶ እስኪወሰን ድረስ የወሩን ድርሻ መቀበሉን እንዲቀጥል፣ ውሳኔውም ከሚቀጥለው ዕደላ በፊት እንዲሰጥ የሚያዝዝ አንድ መሥመር በየጣቢያው የሥራ ደንብ ላይ ሊጨመር ይገባል። ተጠርጣሪው በመጨረሻ አጥፊ ሆኖ ቢገኝ መንግሥት የሚያጣው 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ ይህም ከቀጣይ ክፍያ ሊታሰብ ይችላል። የዚህ መሥመር ረቂቅ ለየጣቢያው ተባዝቶ የቀረበ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ሰዓት በእርሱ ላይ ለመወያየት ተመድቧል።